ኦምዱርማን ላይ የገቡት ሦስቱ ጎሎች

ከጣርማበር ቁልቁል በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት የሚገባ መንገደኛ ጃኬቱን ማውለቁ አይቀርም። የይፋት ቆላ ልጅ ደግሞ ደብረ ብርሃን ወጥቶ ኳስ ሲጫወት ትንፋሹ ቶሎ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ለዚህ ነው የደርሶ መልስ ጨዋታን የሚመራ አሰልጣኝ ሁለቱን ሜዳ በአንድ ሂሳብ ማስላት ያለበት።

ዋልያዎቹ ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. በኦምዱርማን ሙቀት በሱዳን 5ለ3 ተሸነፉ። አምስት ጎል የተቆጠረበት ቡድን ያልፋል ብሎ ማን ይወራረዳል? ነገር ግን ከሜዳ ውጪ የገቡት ሦስት ጎሎች ትልቅ ስንቅ ነበሩ። ለደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ አዲስ አበባ ላይ 2ለ0 ይበቃል።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። የአሰልጣኝ ልብ የሚፈተነው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ተመልካቹ "አጥቂ ጨምር!" ይላል። ተከላካይ ተቀንሶ ሱዳን በመልሶ ማጥቃት አንድ ብታገባ ግን የሚፈለገው ጎል ከሁለት ወደ ሦስት ያድጋል። የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ግቡን ሳያስደፍር ጠበቀ። ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ፣ ቀጥሎም ሳላዲን ሰኢድ አስቆጠሩ። ከፍታው የሱዳኖችን ጉልበት ሳይበላው አልቀረም፤ ይህን የቆላ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ከሁለተኛው ጎል በኋላ ያለው ደቂቃ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነበር፤ አንዲት የሱዳን ጎል ሁሉንም ታፈርሳለች። አልገባችም። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ አለፈች።

በዓመቱ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ እዚያው ስታዲየም ያው አሰልጣኝ ናይጄሪያን ገጠሙ፤ ሽልማቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ። በነገራችን ላይ፣ ቀደም ሲል ቦትስዋና ላይ በቅጣት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ተቀንሶባቸው ነው እዚህ የደረሱት። ቤንቹ ቢጫ ካርድም መቁጠር አለበት!

ከእረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ አገባ፤ ስታዲየሙ ተናወጠ። አሁን ምን ይሻላል፣ መከላከል ወይስ ሁለተኛ ጎል ፍለጋ? ተወስኖ ሳያልቅ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ በ67ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። እዚህ ላይ ግን ምርጫው ግልጽ ነበር፤ 1ለ1ን ይዞ ወደ ካላባር መሄድ። የጨዋታው ማብቂያ ላይ የተሰጠችውን ፍጹም ቅጣት ምት ያው ኢሜኒኬ ከመረብ አሳረፋት። ለመልሱ ጨዋታ ከሜዳ ውጪ የተቆጠሩ ጎሎችን በኪሱ ይዞ የሄደው ናይጄሪያ ሆነ። ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2ለ0 ተጠናቀቀ።