ልጆቻችን ለማስተርስ ሲያመለክቱ የአያትን ስም እናመሳክር

ክረምቱ ተገባዶ መስከረም ሲጠባ በሰፈራችን በዓለም ባንክ ያሉ ኢንተርኔት ቤቶች በወጣቶች ይሞላሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱ ናቸው። ጎረቤቶቼም «ሲስተር፣ እኛ ወላጆች ምን እናግዛቸው?» ይሉኛል። እኔ በነርስነት ዲፕሎማ አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ የእህቴን ልጅ ጉዳይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስለተከታተልኩ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

በእኛ ዘመን ልጅ ዲግሪ ከያዘ ቤተሰቡ «ተገላገልን» ይል ነበር። አሁን ደረጃው በዝቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ለማስተርስ ደግሞ ከ2016 የትምህርት ዘመን መግቢያ አንስቶ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሰጥ ሀገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ለፈተናው ማጥናትና ማመልከቻውን መጻፍ የልጁ ሥራ ነው፤ እዚያ ውስጥ አንግባ። የእኛ እርዳታ የሚያስፈልገው ወረቀቱ ላይ ነው።

ዋናው ዲግሪና ስቱደንት ኮፒ ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት ቤተሰብ ዘንድ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ግን ለልጁ በእጁ አይሰጥም፤ ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በቀጥታ ወደሚያመለክትበት ይላካል። ይህን ለማስጨረስ ብዙ ጊዜ የወጪ መጋራት ክፍያ ማስረጃ ይጠየቃል። ወጪ መጋራት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነገር ስለሆነ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ልጅ ሁሉ ይመለከተዋል። ልጁ ሥራ ላይ ሆኖ ትራንስክሪፕቱ ባሕር ዳር ወይም ጅማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምዝገባ እስኪጀመር አትጠብቁ።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመት በጤና መኮንንነት ከሠራች በኋላ ውጭ አገር የማስተርስ ዕድል አገኘች። ችግሩ የአያቷ ስም ነበር። በዲግሪዋ ላይ በአንድ ቃል፣ በፓስፖርቷ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነው የተጻፈው። የተቀበላት ትምህርት ቤት «የሁለት ሰው ማስረጃ ነው» አላት። የማስተካከያ ደብዳቤው እስኪደርስ ቀኑ አለፈ፤ ዓመት ሙሉ እንድትጠብቅ ሆነ። እናቷ እንቅልፍ አጣች። ልጅቷ በሰነፍነት አይደለም የቀረችው፤ አያቷ ስሙን ሲያወጡለት ማን በፈረንጅ ፊደል ይጻፋል ብሎ አሰበ?

የብዙ አገር ሰው የቤተሰብ ስም ሲኖረው እኛ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ወልደ ማርያም፣ ገብረ መድኅን የመሰለው ስም በአንዱ ወረቀት ሲገጠም በሌላው ይለያያል። «ፀ» እና «ጸ»ንም እያንዳንዱ ጸሐፊ በፈረንጅኛ በየራሱ ይጽፋቸዋል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆች አቆጣጠር ሜይ 1 ቀን 2000 ነው የተወለደው። 1992ን እንዳለ የጻፈ ሰው ልጁን በስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

እኛ ነርሶች መርፌ ከመውጋታችን በፊት የታካሚውን ሙሉ ስም ከካርዱ ጋር እናመሳክራለን። ለልጆቻችሁም እንዲሁ አድርጉ። የልደት ካርድ፣ የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ ስቱደንት ኮፒና ዲግሪ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፤ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ልዩነት ካለ ገና ጊዜ ሳለ ወደ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሂዱ። ለማስተካከል የሚመቸው ገና ያልተቸኮለ ሰው ነው።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር ልበል። «ስኮላርሺፕ አስገባለሁ» የሚል ደላላ በየታክሲ ተራው አለ። የእንግሊዝ መንግሥት ቼቭኒንግም ሆነ የአሜሪካኑ ፉልብራይት ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም። ቼቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ማመልከቻውም አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴ መግቢያ ገደማ ተከፍቶ በጥቅምት ገደማ ይዘጋል። እንግዲህ ዕቁባችሁንና የጡረታ ብራችሁን ለደላላ ከማስረከባችሁ በፊት ልጃችሁ ራሱ ኦፊሴላዊውን ገጽ ከፍቶ ያሳያችሁ።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ እንደገና አመልክታለች። ወረቀቶቿ በሙሉ ተስተካክለው በአንድ ፋይል ገብተዋል፤ የአያቷም ስም በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ሆኗል። መልሱን በጥር እንጠብቃለን።