የጎጆው ቤት ገበታና የጾመኛ አደራ

እንግዳን መቀበል ከክርስቲያናዊ ምግባር አንዱና ዋነኛው ነው። አባታችን አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ሆኖ መንገደኛን ይጠባበቅ ስለ ነበረ ሥላሴን በቤቱ ለመቀበል መብቃቱን ከሕፃንነታችን ጀምረን ተምረናል። ያገራችን ባላገርም ይህንኑ በልቡ ይዞ፣ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ያለውን መንገደኛ እግሩን ያጥበው፣ ካለው ያበላው፣ መደቡንም ይለቅለት ነበር እንጂ የእራት ዋጋ መጠየቅን አያውቅም ነበር። ስለዚህ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ፣ ሰዉ በገንዘብ መብላትን እንደ ነውር ቈጥሮት ስለ ነበረ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ከመኳንንቱ ጋራ ሄደው በልተውና ከፍለው ሌላውን እንዳደፋፈሩ ይተረካል።

ዛሬ ግን ጊዜው ተለውጧል። ተማሪው፣ ጸሓፊው፣ ሾፌሩ፣ ገዳም ተሳላሚው ሁሉ ከቤቱ ርቆ በሚውልበት ቀን ምሳውን የሚያገኘው ከምግብ ቤት ነው። በዚህም ምክንያት ቀድሞ የእናትና የሚስት የነበረው አደራ በማናውቀው ሰው እጅ ገብቷል። ይህም አደራ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በጾም ቀን ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በጾመ ነቢያት ወራት ባንድ ዓርብ ቀን ያጋጠመን ነገር ነው። አራት የሥራ ባልደረቦችና አንድ አረጋዊ መሪጌታ ሆነን የደብረ ሊባኖስን ገዳም ከተሳለምን በኋላ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ዘንድ በሰላሌ ከመንገድ ዳር ወዳለ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ቤቱ ሲያዩት ልብን ያሳርፋል። ክዳኑ ሣር፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ወለሉ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ነው። በመደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል፤ በመካከሉም የከሰል ምድጃ ተቀጣጥሎ ያንን የደጋ ብርድ ያስረሳል። አንድ ጨዋ ወጣት አስተናጋጅ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ ቀርቦ ዝቅ ብሎ አስታጠበን። እኛም ያባቶቻችንን ቤት ያገኘን መሰለን።

ምግቡ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አስጠበቀን። በመጣም ጊዜ እንጀራው ያደረ ነበረ፤ ዳር ዳሩ ደርቋል። የምስር ወጡ ቀዝቅዟል፤ ሽንኩርቱም ገና ጥሬ ነው። የሱፍ ፍትፍቱ ግን እጅግ የጣፈጠ ነበረ፤ ስልጆውም ሰናፍጩ አፍንጫን የሚከፍት፣ የባለሙያ ሥራ መሆኑን የሚመሰክር ነው። ባንድ ሞሰብ ላይ ሰነፍና ባለሙያ አብረው ያቀረቡት ይመስል ነበር። ይህ ሁሉ ቢሆንም ረኀብ ለያዘው መንገደኛ የሚታለፍ ነው።

በመጨረሻ ሽሮው በሸክላ ሆኖ እየተንተከተከ መጣ። መሪጌታው እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ መልሰው ሰበሰቡና አስተናጋጁን ጠሩት።

«ልጄ፣ ይህ ሽሮ የጾም ነውን?»

«አዎን አባቴ፣ የጾም ነው።»

«የሠራውን ታውቃለህ?»

«እኔ እንጃ አባቴ፤ ከማድ ቤት የሰጡኝን ነው ያመጣሁት።»

«እንግዲያስ የሠራችውን ጥራልን።»

ወዲያው አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ብቅ አሉ። ሸክላውን አንሥተው አሸተቱና ፊታቸው ተለወጠ። «አባቴ፣ እኔ የሠራሁት በዘይት ነው። ነገር ግን ሸክላው የፍስኩ ነው፤ ልጆቹ አቀላቅለውታል። ቅቤ የጠጣ ሸክላ ደግሞ ሲሞቅ ይመልሰዋል። አይብሉት» አሉ። የቤቱ ባለቤት ከመሳቢያው አጠገብ ሆኖ፣ «ሽታ ብቻ ነው እንጂ ቅቤ አልገባበትም» ቢል፣ ሴትዮዋ፣ «የጾም ነው ብዬ በእኔ እጅ አይቀርብም» ብለው ሽሮውን ይዘው ገቡ። በምትኩም ትኩስ የባቄላ ንፍሮና ቡና አቀረቡልን። ከዚያ ገበታ ሁሉ ደስ ብሎን የበላነው ያንን ንፍሮ ነው። ሒሳቡ ሲመጣ የሽሮው ዋጋ ተጽፎበት ነበር፤ ባመለከትን ጊዜ ግን ባለቤቱ ያለ ክርክር ሰረዘው።

የእኛ ነገር በዚህ አለቀ። ሆኖም ከእኛ በፊት ያን ዕለት በዚያ ጎጆ ውስጥ ጾመን ነው ብለው የበሉት ስንት ይሆኑ? ለእነርሱስ ማን ነገራቸው?

የነገሩ ሥር ክፋት አይደለም፤ ሥርዓት ማጣት ነው። ሰላሌ የወተትና የቅቤ አገር ነው፤ ቤቱም የሚጾመውንና የማይጾመውን ባንድ ማድ ቤት ያስተናግዳል። የሸክላ ድስት ደግሞ እንደ ብረት ድስት አይደለም። በገላው ውስጥ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ስላለው ቅባትን ይመጥጣል፤ ቢታጠብም ጨርሶ አይለቀውም። እናቶቻችን የጾሙን ድስት ከፍስኩ ለይተው ማስቀመጣቸው፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ዕቃውን ሁሉ ፈትገው ማጠባቸው ከዚህ እውቀት የመነጨ እንጂ ከንቱ ልማድ አይደለም።

ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያትም ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ይዘልቃል። በዚህ ላይ ሌሎቹ አጽዋማትና በየሳምንቱ የሚመላለሱት ረቡዕና ዓርብ አሉ። እንግዲህ ጾመኛ ለምግብ ቤት አልፎ አልፎ የሚመጣ እንግዳ ሳይሆን የዓመቱን እኩሌታ የሚጠጋ ደንበኛ ነው። ስለዚህ ለጾም የሚሆን ድስት፣ ጭልፋና ማማሰያ ለይቶ ምልክት ማድረግ፣ በልዩ መደርደሪያም ማኖር ለባለቤቱ ወጪው ጥቂት ነው። አስተናጋጁም የሚያቀርበው ምግብ በምን እንደ ተሠራ ይወቅ፤ ካላወቀም ጠይቆ ይመልስ እንጂ በግምት «ጾም ነው» አይበል።

ለቤተሰቦቻችንም የምንለው አለን። በሰው ገበታ ስትቀርቡ መጠየቅን አትፈሩ፤ ስትጠይቁ ግን በትሕትና ይሁን፤ አስተናጋጁን በሰው ፊት ማሳፈር የጾሙን ፍሬ ያጠፋልና። ልጆቻችሁም ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሥራ ርቀው ሲሄዱ ይህን ከቤት ተምረው ይሂዱ። ሳያውቅ የበላ ሰው ደግሞ በጭንቀት አይያዝ፤ ለነፍስ አባቱ ነግሮ ምክር ይቀበል።

የሣር ክዳን፣ ቄጠማውና ሞሰቡ ያባቶቻችንን ቤት መልክ ያሳያሉ። ነገር ግን ያ ቤት የተከበረው በመልኩ አልነበረም፤ እንግዳው የቀረበለትን ሳይጠራጠር ይበላ ስለ ነበረ ነው። ምግብን በገንዘብ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ከምግቡ ጋራ የታመነበትን አደራ መሸጥ ግን አይገባም። እንግዳ የሚያየው ገበታውን ብቻ ነው፤ ማድ ቤቱን የሚያይ እግዚአብሔር ነው።