የእንዶድ ስኳርና ኮምፒዩተር

በሐይቅና በአምባሰል ያደግን ሁላችን እንዶድን የምናውቀው በልብስ ማጠቢያነቱ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ከውሃ ጋር ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ ነጠላውና ጋቢውም ይነጣል። በዚህ አረፋ ውስጥ ስኳር አለ ብንል የሚያምነን ጥቂት ነው፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በስተታች፥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የቢልሃርዝያን ትል በሰውነታቸው የሚያሳድጉት በውሃ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩ ታላቅ ተስፋ አሳደረ። ከፍሬው የተገኘው ገዳይ ንጥረ ነገርም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ።

ለማቶክሲን ሁለት ወገን አለው። አንዱ ኦሊያኖሊክ አሲድ የሚባለው፥ አምስት የካርቦን ቀለበቶች የተጋጠሙበት ቅባት ወዳድ ግንድ ነው፤ ሌላው በግንዱ ላይ የተንጠለጠሉት ሦስት ውሃ ወዳድ ስኳሮች ናቸው። አረፋውም ከዚሁ ጥምረት የመጣ ነው።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሞለኪውል ውስጥ ስኳሩ የቱ ነው? የኬሚስትሪ ሰው ሥዕሉን አይቶ ያውቀዋል፤ ነገር ግን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የተፈጥሮ ሞለኪውሎች በመዝገብ ሲከማቹ ዓይን አይበቃም። ኮምፒዩተር ሞለኪውሉን በነጥብና በመስመር ይይዘዋል፤ አቶሙ ነጥብ፥ ቦንዱ መስመር ነው። ከዚያ ቀለበቶቹን ይፈልጋል። ቀለበቱ አምስት ወይም ስድስት አቶሞች ኖረውት፥ አንዱ ብቻ ኦክሲጅን ሌሎቹ ካርቦን ከሆኑ፥ ድርብ ቦንድም ከሌለበት ይጠረጥረዋል። ጥርጣሬ ብቻውን አይበቃምና ከቀለበቱ ጋር በቀጥታ የተያያዙትን ኦክሲጅኖች ይቈጥራል። የጀርመን አገር የዬና ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ፕሮግራም የተለመደው ልክ ከቀለበቱ አቶሞች ቢያንስ ግማሹን ያህል ነው። የእንዶድ ግሉኮስ ባለ ስድስት ቀለበቱ ላይ አራት ኦክሲጅን ስላለው ያልፋል፤ የግንዱ ቀለበቶች ግን በውስጣቸው ኦክሲጅን የለምና ገና ከደጃፍ ይመለሳሉ።

ወንፊቱ ቀዳዳ አለው። ብዙ ኦክሲጅናቸውን ያጡ ስኳሮች ያመልጡታል። ግሉኮስና ጋላክቶስም የሚለያዩት በአንዲት የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፥ አቅጣጫው ካልተመዘገበ ኮምፒዩተሩ መንታ አድርጎ ያያቸዋል።

እኛን ከሁሉ ያስደነቀን ግን ስኳሩ የተንጠለጠለበት ቦታ ጉዳይ ነው። በደረቀው ፍሬ ውስጥ ግንዱ በ3ኛውም በ28ኛውም ካርቦን ላይ ስኳር ተሸክሞ ይገኛል፤ እንዲህ ሳለ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲነከር በራሱ ውስጥ ያለው ኤንዛይም የ28ኛውን ስኳር ይቈርጠዋል፤ ገዳዩም ያን ጊዜ ይወጣል። በውሃ ፈንታ በሜታኖል ቢዘፈዘፍ ኤንዛይሙ አይሠራምና የሚገኘው ያው የማይገድለው ነው። (እናቶቻችን በውሃ ማሸታቸው እንዴት ያለ ኬሚስትሪ ኖሯል!)

ታዲያ አንዳንድ ጊዜ ዘመድ ሞለኪውሎችን ለማስተያየት ሲባል ስኳሩ ሁሉ በፕሮግራም ተገፎ ግንዱ ብቻ ይቀራል። ለዚያ ሥራ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ገዳዩ እንዶድና የማይገድለው እንዶድ በመዝገቡ ላይ አንድ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ከመገፈፉ በፊት የስኳሩ ቍጥርና የተንጠለጠለበት ካርቦን ይመዝገብ እንላለን።