የበሬው ዋጋ

ጉንደ ወይን ላይ መድኃኒት ቤት ለከፈተ ሰው ኅዳር ከሌላው ወር ይለያል። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ መተማ የወረደው ጎረምሳ ወደ ደጋ የሚመለሰው ያኔ ነው፤ ከፊሉ ገንዘብ ይዞ፣ ከፊሉ ትኩሳት ይዞ።

አምና አንድ አባት ልጃቸውን ደግፈው ገቡ። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ክንዱ ከስቷል፣ ሆዱ ግን ተነፍቷል። የወባ ኪኒን ሁለት ጊዜ ወስዶ ጨርሷል። ሸሚዙን ገለጥ አድርጌ ግራ ጎኑን ስዳስስ ጣፊያው ከጎድን አጥንቱ ወርዶ እምብርቱ አጠገብ ደርሷል። ቆላ ሳለ ሌሊት የት ይተኛ እንደነበር ጠየቅሁት። «ግራር ሥር፣ መሬት ላይ» አለኝ። ካላዛር መሆኑን ጠረጠርኩ። የካላዛርን ተውሳክ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትገኘው እዚያው ነው፤ በመረሬው አፈር ስንጥቅና በግራሩ ሥር። በሽታው ካልታከመ ይገድላል።

ሕክምናውን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንደሚያገኙ ነገርኳቸው። በሞጣ ወጥቶ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ጎንደር። አባትየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እዚህ አንቱ ዘንድ የለም? የገንዘብ ነገር ከሆነ በሬውን እሸጠዋለሁ» አሉኝ።

ንግግራቸው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የካላዛር መድኃኒት እኔ መደርደሪያ ላይ ዋጋ ተጽፎበት የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በመንግሥትና በለጋሾች በኩል መጥቶ በተመረጡ ሆስፒታሎች በነፃ ይሰጣል። በሬው ቢሸጥ የመኪናና የስንቅ ይሆናል እንጂ መድኃኒት አይገዛም።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ ደወለ። በጥቂት ሕፃናት ላይ ብቻ ለሚታይ አንድ ሲንድሮም መድኃኒት ከሚሠራ አነስተኛ የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያ አክሲዮን ለመግዛት አስቦ ሊያማክረኝ ነው። ሰው ላይ መሞከር ከተጀመረባቸው መድኃኒቶች ፈቃድ የሚያገኘው ከአሥር አንዱ ያህል መሆኑን፣ ኩባንያው በአንድ መድኃኒት ብቻ ከቆመ ደግሞ ሙከራው በከሸፈ ማግስት አክሲዮኑ እንደሚወድቅ ነገርኩት። «ታዲያ አጎቴ፣ በሽተኛው እንዲህ ጥቂት ሆኖ ባለሀብቱ ምን ያሯሩጠዋል?» አለኝ። ለበሽተኞቹ የሚከፍል ኢንሹራንስ አለ አልኩት፤ ለአንድ ሕፃን በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቅበታል። ካላዛር የሚይዘው ግን ድሃውን ነው። የእኛ ጎረምሳ ከነበሬው ያ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ይህን ሒሳብ በሕግ ለማቃናት ተሞክሯል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. ችላ ለተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መድኃኒት ላስፈቀደ ኩባንያ የቅድሚያ ምርመራ ቫውቸር እንዲሰጠው ወሰነ። ቫውቸሩን የያዘ ኩባንያ ለሌላ፣ ብዙ ለሚሸጥ መድኃኒቱ የሚደረገውን የፈቃድ ምርመራ ከአሥር ወር ወደ ስድስት ወር ያሳጥርበታል። ካልፈለገ ይሸጠዋል። የካናዳው ናይት ቴራፒዩቲክስ በ2014 እ.ኤ.አ. ሚልቴፎሲን የተባለውን የሚዋጥ የካላዛር መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ አስፈቀደና ቫውቸሩን በዚያው ዓመት ጊሊያድ ለተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በ125 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ጊሊያድም ለኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ተጠቀመበት። ሚልቴፎሲን ግን አዲስ አልነበረም፤ ሕንድ በ2002 እ.ኤ.አ. ፈቅዳዋለች፣ የምርምሩን ድካም የደከሙትም ሌሎች ነበሩ። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሕጉ ሽልማቱን ያሰረው ከፈቃድ ወረቀቱ ጋር ነው፤ መድኃኒቱን ለበሽተኛው በሚችለው ዋጋ አድርስ የሚል ግዴታ አላስገባበትም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ውጭ አገር ሲሠራበት ለቆየ መድኃኒት ያለ አዲስ ጥናት ቫውቸር መውሰድ ተከለከለ፣ የማድረሱ ነገር ግን እንደተተወ ቀረ።

ቫውቸሩ ከንቱ ነው አልልም። ሜልቦርን ያለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይኸው ቫውቸር ተስፋ ሆኖት ከዓለም አቀፍ የጤና ኢንቨስትመንት ፈንድ ገንዘብ ወስዶ፣ ቀድሞ በእንስሳት ሕክምና የሚታወቀውን ሞክሲዴክቲን በ2018 እ.ኤ.አ. ኦንኮሰርሲያሲስ ለተባለው በሽታ አስፈቅዷል። ገንዘቡ እንዲህ ሲውል አይቻለሁና፣ ለእህቴ ልጅ አክሲዮን አትግዛ አላልኩትም። የኩባንያውን ሪፖርት ሲያነብ ግን ስለ ሙከራው ውጤት ብቻ ሳይሆን ኢንሹራንስ የሌለው በሽተኛ መድኃኒቱን በምን መንገድ እንደሚያገኘው የተጻፈ ነገር ካለ እንዲፈልግ፣ ከሌለም ጽፎ እንዲጠይቃቸው ነገርኩት። ባለአክሲዮን የመጠየቅ መብት አለው፤ አባትየው የላቸውም።

የአባትየው ልጅ ጎንደር ተኝቶ በሽታው ተረጋገጠ። አሥራ ሰባት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ። አንደኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ የምንወጋው የአንቲሞኒ መድኃኒት ነው፤ ያማል፣ ልብና ጉበትም ይነካል። ጎንደርን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የተካሄደውና በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ጥናት ይህን መርፌ በሚልቴፎሲን ተክቶ ሕክምናውን በአሥራ አራት ቀን መጨረስ እንደሚቻል አሳይቷል። ያ 125 ሚሊዮን ዶላር ያስገኘው እንክብል ማለት ነው። ይህ ልጅ ግን የተወጋው የድሮውን ነው።

በስድስተኛው ቀን አባትየው በሰው ስልክ ደወሉልኝ። ትኩሳቱ ለቆታል፣ ሽሮ በእንጀራ ጠይቆ በልቷል። በሬውን ለወንድማቸው አደራ ሰጥተው ነበር የሄዱት፤ የአጨዳው ሰዓት ሳያልፍባቸው መመለስ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁኝ። አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል አልኳቸው።