በፓተንት ጽሑፍ ውስጥ ያለ ቃል እስከ ምን ድረስ እንደሚሰፋ

አንድ ሰው አዲስ ሥራ ፈልስፎ ፓተንት ሲሰጠው፣ የመብቱ ወሰን የሚታወቀው «የእኔ ነው» ብሎ ባስጻፈው የይገባኛል ቃል ነው። ይህም ቃል እንደ እርሻ ድንበር ድንጋይ ነው፤ ወደ ውጭ በተገፋ መጠን የጎረቤት መሬት ይጠባል። ስለዚህ በአውሮፓ የፓተንት ስምምነት 69ኛ አንቀጽ ቃሉ ከመግለጫውና ከሥዕሉ ጋራ ተያይዞ ይተረጐማል፤ በፊደሉ ብቻ ማጥበብም፣ እንደ ባለቤቱ ምኞት ማስፋትም አይገባም።

ይህ ነገር ኢትዮጵያን የነካው በጤፍ ምክንያት ነው። በ1997 ዓ.ም. አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋራ ሲዋዋል፣ በጤፍ የዘር ሀብት ላይ የባለቤትነት መብት እንዳይጠይቅ ተጻፈ። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. በአውሮፓ የጸደቀው ፓተንት «ዱቄት» እንጂ «ዘር» አይልም ነበር፤ ቃሉም ከጤፍ ወገን የሆነና በሚፈጭበት ጊዜ የመውደቅ ቁጥሩ ከ250 የማያንስ እህል ዱቄት ይላል። የመውደቅ ቁጥር ማለት በሚሞቅ የዱቄት ብጥብጥ ውስጥ ዘንግ እስኪሰምጥ የሚቈጠረው ሴኮንድ ነው። በዝናብ የበቀለ እህል ቁጥሩ ያንሳል፤ ደኅና የደረቀው ግን ከፍ ይላል።

እንግዲህ ጤፉን አድርቆ በጐተራ ካከረመ በኋላ የሚያስፈጭ ገበሬ፣ ሳይለካው እንኳ፣ ከዚያ ቁጥር ሊደርስ ይችላል። ፓተንት በተሰጠበት አገር ብቻ ስለሚጸና ገበሬው በአገሩ አይከሰስም፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ወደዚያ በሚላከው ዱቄት ላይ ነው። ሆኖም ስፋት ለባለ መብቱም አደጋ አለው፤ ቃሉ የቀድሞውን ልማድ የሚጨምር ከሆነ አዲስነቱን ያጣልና። በሁለት የሆላንድ ድርጅቶች ክርክርም የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. ፓተንቱ የፈጠራ ብልኃት የለበትም ሲል በዚያ አገር ሽሮታል።

በመቱ፣ በጎሬና በያዩ ያሉ ሹማምንት ይህን ማስተዋል ይገባቸዋል። የያዩ የጫካ ቡና በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ የገባ ሀብት ነውና፣ ዘሩን ወይም ቅጠሉን የሚፈልግ እንግዳ ብዙ ነው።

አንደኛ፤ በ1998 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 482 መሠረት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሳይታይ የዘር ሀብት ለማንም አይሰጥ።

ሁለተኛ፤ በውሉ «ዘር» ብቻ ሳይሆን ከዘሩ የሚወጣው ዱቄት፣ ዘይትና የአዘገጃጀቱም ዘዴ በየስሙ ይጠቀስ።

ሦስተኛ፤ ገበሬው ቡናውን የሚያደርቅበትና እህሉን የሚያከርምበት ልማድ ከቦታውና ከቀኑ ጋራ በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ሰፊ የይገባኛል ቃል በመጣ ጊዜ ነገሩ ቀድሞ የታወቀ መሆኑ የሚረጋገጠው በእንዲህ ያለ ማስረጃ ነው።