ከወንበሩ በፊት ጉልበትዎን ይለኩ

ሰቆጣ ወይም ጽጽቃ ሆኖ በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው የቢሮ ወንበር ሲገዛ ከአዲስ አበባው ገዢ አንድ ትልቅ ልዩነት አለው። የአዲስ አበባው ሰው ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ አምስት ስድስት ወንበር ላይ ተቀምጦ የተስማማውን ይወስዳል። ዋግ ኽምራ ላለው ሰው ግን ዕቃው በስልክ ታዝዞ፣ ተፈታቶ በካርቶን ታሽጎ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ በኮረም ወይም በላሊበላ በኩል ነው የሚደርሰው። ተገጣጥሞ ሲያዩት ከፍ ያለ ቢሆን ወይም ወገብ የማይደግፍ ቢሆን መመለሱ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ምርጫው ማለቅ ያለበት ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ነው። ለዚህ ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትርና ትንሽ ጊዜ ይበቃል።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ወደ ቤት ሰደዱ፤ የምግብ ጠረጴዛም በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢሮ ሆነ። ቤት ውስጥ መሥራት ግን በዚያ አልተጀመረም። የተማሪ ፈተና የሚያርመው መምህር፣ የወር ሪፖርት የሚያጠናቅረው የፕሮጀክት ሠራተኛ፣ በርቀት ትምህርት ዲግሪውን የሚሠራው ባለሙያ ድሮም ማታ ማታ ሥራውን ቤት ይዞ ይገባል። የሚቀመጠውም ቤት ባገኘው ላይ ነው፤ በርጩማ፣ መደብ፣ ፕላስቲክ ወንበር ወይም አልጋ ጫፍ።

በርጩማና መደብ ለምን አይበቁም?

በርጩማም መደብም በቦታቸው ጥሩ መቀመጫዎች ናቸው። ቡና ሲጠጣ ሰው ይዟዟራል፣ ሲኒ ለማቀበል ይዘረጋል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ቦታ ላይ ዓይንን ተክሎ ሰዓታት ሲፈጅ ነው። በርጩማ ዝቅ ስለሚል ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል። ጉልበት ከፍ ሲል ዳሌ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ያን ጊዜ ወገብ ላይ ያለው የተፈጥሮ ቅስት ጠፍቶ ጀርባ ይጎብጣል። መደብ ደግሞ ሰፊ ነው። ግድግዳውን ልደገፍ ቢሉ እግር መሬት አይደርስም፤ ጫፉ ላይ ልቀመጥ ቢሉ ጀርባ ድጋፍ ያጣል። አልጋ ላይማ ፍራሹ እየሰመጠ ሰውነት ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ጎብጦ መቀመጥ ምን ያደርጋል የሚለውን ሐኪሞች በመርፌ ለክተውታል። ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናኬምሰን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሕይወት ባሉ ሰዎች አከርካሪ ዲስክ ውስጥ የሚፈጠረውን ጫና ሲለካ፣ ያለ ድጋፍ ወደ ፊት አጎንብሶ መቀመጥ ከመቆም ይልቅ ዲስኩን እንደሚጫነው አገኘ። ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነ ሌላ ልኬት፣ ዘና ብሎ በመቀመጥና በመቆም መካከል ያለው ልዩነት ከታሰበው ያነሰ መሆኑን አሳየ፤ በደንብ ማጎንበስ ጫናውን እንደሚያበዛ፣ ወደ ኋላ መደገፍ ደግሞ እንደሚቀንሰው ግን አረጋገጠ። ለገዢው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ጥሩ ወንበር ማለት ሳያጎነብሱ ለመሥራት የሚያስችል፣ ደገፍ ሲሉም የሚሸከም ወንበር ነው። ቀጥ ብሎ እንደ ወታደር መቀመጥ አያስፈልግም።

አራቱ ልኬቶች

ሜትሩን ይዘው በጠንካራ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ቤት ውስጥ ሲሠሩ የሚያደርጉትን ጫማ ያድርጉ፤ አንድ ሰው ቢያግዝዎት ይቀላል።

አንደኛ፣ ከመሬት እስከ ጉልበትዎ ማጠፊያ ይለኩ። ይህ የመቀመጫው ትክክለኛ ከፍታ ነው። እግር ሙሉ በሙሉ መሬት ሲረግጥ፣ ጭን ደግሞ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ከፍታው ተገኘ ይባላል።

ሁለተኛ፣ ከዳሌዎ ጀርባ እስከ ጉልበት ማጠፊያ ይለኩና አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀንሱ። ይህ የመቀመጫው ጥልቀት ነው። ደገፍ ብለው ሲቀመጡ በመቀመጫው ጫፍና በባትዎ መካከል ሁለት ሦስት ጣት መግባት አለበት። ካልገባ ጫፉ የጉልበት ማጠፊያን ይጫናል፣ እግርም ይደነዝዛል። ሰውም ያንን ለመሸሽ ወደ ፊት ይንሸራተትና መደገፊያውን ይተወዋል።

ሦስተኛ፣ ክንድዎን ወደ ታች ለቀው ክርንዎን በማጠፍ ከመቀመጫው እስከ ክርን ያለውን ይለኩ። የክንድ መደገፊያው እዚህ ላይ መሆን አለበት። ከፍ ካለ ትከሻን ወደ ላይ ይሰቅላል፤ ማታ ማጅራት ላይ የሚሰማው ሕመም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

አራተኛ፣ የጠረጴዛዎን ከፍታ ይለኩ፤ ከላይም ከሥርም። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ጥፋቱ የጠረጴዛው ሲሆን

በቁጥር እንየው። የኢትዮጵያ ሴቶች አማካይ ቁመት 157 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ቁመት ያለች አንዲት መምህርት ከመሬት እስከ ጉልበት ማጠፊያ ከነጫማዋ 41 ሴንቲ ሜትር፣ ከመቀመጫ እስከ ክርን 22 ሴንቲ ሜትር ብትለካ፣ ክርኗ የሚያርፈው ከመሬት 63 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። በገበያ ያለው የጽሕፈት ጠረጴዛ ግን ብዙውን ጊዜ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። የ12 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ማለት ነው።

አሁን ወንበሩን ለጉልበቷ ብታስተካክል ጠረጴዛው ደረቷ ድረስ ይመጣል፤ ትከሻዋን ሰቅላ ትጽፋለች። ለጠረጴዛው ብታስተካክል ወንበሩ 53 ሴንቲ ሜትር ይደርስና እግሯ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የትኛውም ውድ ወንበር ብቻውን ይህን አይፈታም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ወንበሩን ከፍ አድርጎ ከእግር ሥር 12 ሴንቲ ሜትር ማሳረፊያ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የጠረጴዛውን እግር ማስቆረጥ ነው። መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ ሲቆረጥ ግን መሳቢያው ጭን ላይ ይመጣልና የሥሩን ከፍታ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ብዙ ከውጭ የሚገቡ የቢሮ ወንበሮች ዝቅ ሲሉ ከ42 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማሉ። ለረዥም ሰው ችግር የለውም። ከላይ ላየናት መምህርት ግን ወንበሩ የመጨረሻ ዝቅታው ላይ ሆኖም ከፍ ይልባታል። በስልክ ሲያዝዙ የመጀመሪያው ጥያቄ ወንበሩ ዝቅ ሲል ስንት እንደሆነ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ሻጩን ምን ይጠይቁ?

ካርቶን ላይ «ኧርጎኖሚክ» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ማንም አምራች ሊጽፈው ይችላል። ይልቅ ሻጩን እንዲህ ይበሉት፦ «ወንድሜ፣ ሜትር ያዝልኝና ዝቅ ሲል ስንት፣ ከፍ ሲል ስንት እንደሆነ ለካልኝ።» ቀጥለው የመቀመጫውን ጥልቀት ይጠይቁ። «ኤክስኪዩቲቭ» የሚባለው ትልቁ ባለ ሌዘር ወንበር ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ግርማ ሞገሱ ለአለቃ ቢሮ ያምራል እንጂ ለአጭር ሰው ወገብ አይሆንም።

ከዚያ የሚከተሉትን በቪዲዮ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።

የወገብ ድጋፉ ቀበቶ በሚታሰርበት አካባቢ መግፋት አለበት። ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ይመረጣል። መደገፊያው ወደ ኋላ ዘንበል ማለትና በተፈለገው ቦታ መቆለፍ መቻል አለበት።

ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጋዝ ሲሊንደር ሰው ተቀምጦበት ቀስ በቀስ የማይወርድ መሆኑ መታየት አለበት። ቀድሞ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና መለዋወጫ መኖሩን ይጠይቁ። እግሩ አምስት ጣት ያለው ይሁን፤ ባለ አራቱ ጠርዝ ላይ ሲያዘነብሉ ለመውደቅ ይቀርባል። የተሸካሚነት አቅሙ በኪሎ ተጽፎ እንደሆነም ያጣሩ።

የክንድ መደገፊያው ጠረጴዛ ሥር መግባቱን ወይም መነሳቱን ያረጋግጡ። ካልገባ ወንበሩን ከጠረጴዛው ያርቀዋል፤ የራቀ ሰው ደግሞ ማጎንበሱ አይቀርም።

መቀመጫው ስፖንጅ ከሆነ በአውራ ጣት ሲጫኑት ወዲያው ጣውላው የሚሰማ መሆን የለበትም። ሌዘር መሳዩ ልባስ በቆላማው የተከዜ ዳር ያልባል፤ እየቆየም ይሰነጣጠቃል። መረብ ያለው መደገፊያ አየር ያስገባል፣ አቧራውም በቀላሉ ይራገፋል።

ወለሉም ይታሰብ። ጠንካራ ፕላስቲክ ጎማ ሊሾ ላይ ይንሸራተታል፤ እዚያ ላይ ለስላሳ ጎማ ይሻላል። የአፈር ወለል ላይ ግን ጎማ ያለው ወንበር አይሽከረከርም፣ ቀጥ ብሎም አይቆምም። ለእንዲህ ያለ ቤት ጎማ የሌለው ባለ አራት እግር ወንበር ይበልጣል።

ታዋቂውም በልክ ነው የሚሸጠው

በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት የቢሮ ወንበሮች አንዱ ኤሮን ነው። ኸርማን ሚለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ አቀረበው፤ ንድፉን የሠሩት ቢል ስተምፍና ዶን ቻድዊክ ናቸው። ስፖንጅ ትተው መቀመጫውንም መደገፊያውንም በመረብ ሠሩት። ለእኛ ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ወንበሩ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብሎ በሦስት መጠን ነው የተሠራው። ያን ያህል ውድ የሆነው ወንበር እንኳን ለሁሉም ሰው አንድ ልክ አይበቃም ተብሎ ከታሰበ፣ መካከለኛ ዋጋ ያለውን ሳይለኩ መግዛት ያስቸግራል።

አናጺው የሚሠራልዎት

የቢሮ ወንበር ማስመጣት አቅም ካልፈቀደ ሥራው ያለው አናጺ ቤት ነው። አራቱን ልኬቶች በወረቀት ጽፈው ይስጡት። የመቀመጫው ከፍታ ከጉልበትዎ፣ ጥልቀቱ ከጭንዎ ልክ ይወሰድ። መደገፊያውን ቀጥ አድርጎ እንዳያቆመው፣ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲያዘነብለው ይንገሩት፤ የመቀመጫውንም የፊት ጫፍ እንዲያድበለብለው። ላዩ ላይ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ያለው ትራስ ይደረግበታል። የሚስተካከል ባይሆንም ለአንድ ሰው ልክ የተሠራ ስለሆነ መስተካከል ብዙም አይፈልግም።

ያለውንም ፕላስቲክ ወንበር ማሻሻል ይቻላል። ጋቢ ወይም ፎጣ ጠቅልለው ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ያድርጉ፤ ወንበሩ ዝቅ ካለ ጠፍጣፋ ትራስ፣ ከፍ ካለ የእግር ማሳረፊያ ይጨምሩ። ማሳረፊያው ሁለት እግር የሚያስቀምጥ ሰፊ ጣውላ ሆኖ ወደ እርስዎ ትንሽ ቢያዘነብል ጥሩ ነው።

ላፕቶፑ ሌላው ጉዳይ ነው። ስክሪኑና ኪቦርዱ ስለተያያዙ አንገትን ወይም እጅን መበደሉ አይቀርም። የስክሪኑ የላይኛ ጠርዝ በዓይን ትይዩ እስኪሆን በመጻሕፍት ወይም በሣጥን ከፍ አድርገው ለብቻው ኪቦርድና ማውስ ቢሰኩ፣ አዲስ ወንበር ከሚያመጣው ለውጥ የሚያንስ አይሆንም። ጠረጴዛውን ደግሞ መስኮቱ በጎን በኩል እንዲሆን ያዙሩት፤ ብርሃን ከፊት ወይም ከኋላ ሲመጣ ዓይን ስክሪኑን ለማየት ሲታገል አንገት ይንጋደዳል።

ቀጣሪዎንም ይጠይቁ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ይጥልበታል፤ ሠራተኛው ቤቱ ሆኖ ስለሚሠራበት ውልም ድንጋጌ አለው። አዋጁ ወንበር ግዛ ብሎ በስሙ አይጠራም። ሆኖም ውል ሲፈርሙ ላፕቶፑን ማን እንደሚያቀርብ እንደሚጠየቀው ሁሉ የወንበሩና የጠረጴዛው ነገርም በውሉ እንዲገባ መጠየቅ ነውር የለውም።

ወንበር የማይፈታው

በልኩ የተገዛ ወንበር ላይም ሦስት ሰዓት ሳይነቃነቁ መቀመጥ ሰውነትን ያደርቃል። በየግማሽ ሰዓቱ ይነሱ፤ ስልክ ቆመው ያናግሩ፣ ውኃ ለመቅዳት ይሂዱ። አቦል፣ ቶናና በረካ ላፕቶፑን ዘግተው ከተጠጡ ከሥራው ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ ያስነሳሉ።

ሕመሙ ከወገብ አልፎ ወደ እግር የሚወርድ፣ እግር የሚያደነዝዝ ወይም የሚያዝል ከሆነ ግን ወንበር መቀያየሩን ትተው ሐኪም ይዩ፤ ሰቆጣ ላሉ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም በጭን መካከል መደንዘዝ ከመጣ በዚያው ቀን መሄድ ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የእግር ማሳረፊያና የስክሪን ከፍታ፤ ሁለቱም በጥቂት ብር ይሠራሉ። ቀጥሎ ኪቦርድና ማውስ። ከዚያ የጠረጴዛው ከፍታ። ወንበሩ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ያን ጊዜ ምን እንደጎደለዎት በሴንቲ ሜትር ያውቁታል፣ ሻጩንም የሚጠይቁት ቁጥሩን ይዘው ነው።