ከዱከም እስከ ሐይቆቹ በብስክሌት፦ ያለ አስጎብኚ መጓዝ ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ፣ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ዱከም ከዋናው መንገድ ዳር ቆሜ የብስክሌት ጎማ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ አየር መያዙን አጣራ ነበር። ብስክሌቶቹ የተዋስናቸው ናቸው። አንደኛው ለእኔ፣ ሌላው ከኔዘርላንድስ ለዕረፍት ለመጣችው የእህቴ ልጅ። ሐሳቡም የእሷ ነው። «ጋሼ፣ ቢሾፍቱ እኮ 10 ኪሎ ሜትር ናት። ሐይቆቹ እዚሁ አፍንጫዎ ሥር ሆነው በብስክሌት ሄደው አያውቁም?» አለችኝ። እውነት ለመናገር ሄጄ አላውቅም። ዱከም ስኖር ሐይቆቹን ያየኋቸው በሚኒባስ መስኮት ወይም ሠርግ ተጠርቼ ከሆቴል በረንዳ ላይ ሆኜ ነው።

ልጅቱ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር በኔዘርላንድስ ትልቁን ሐይቅ በብስክሌት ዞራ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ። «አስጎብኚ ነበራችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አልነበረንም፤ ወረቀት ነበረን» አለችኝ። ይህ መልስ ነው ዛሬ ብዕሬን ያስነሳኝ። አንድ ሰው በማያውቀው አገር፣ ያለ መሪ፣ በወረቀት ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሰላም እንዲመለስ ያደረገው ምንድነው? እኛስ ከዱከም ተነስተን 10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ለምን ነፍሳችንን እናስይዛለን?

ወረቀቱ ምን ይላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ተጓዡ ለአንድ የጉዞ ድርጅት ገንዘብ ይከፍላል። ድርጅቱ ብስክሌት ያከራየዋል፤ በየከተማው የሚያድርበትን ሆቴል ይይዝለታል፤ ጠዋት ሻንጣውን ከአንዱ ሆቴል ተቀብሎ ማታ ከሚደርስበት ሆቴል በመኪና ያደርስለታል። መንገዱን፣ ርቀቱን፣ ምሳ የሚበላበትን ቦታና ችግር ሲገጥመው የሚደውልበትን ስልክ የያዘ ትንሽ መጽሐፍም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ማንም አይከተለውም። ሲፈልግ ይቆማል፤ ሲደክመው ሣር ላይ ጋደም ይላል። ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ራሱ ነው።

የሕግ ሰው ነኝና ወረቀቱን በሕግ ዓይን ማየቴ አልቀረም። አስጎብኚ የለም ማለት ኃላፊ የለም ማለት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ (እ.ኤ.አ. የ2015 ቁጥር 2302) መሠረት ጉዞውን አጠቃሎ የሸጠው ድርጅት ለጠቅላላው አገልግሎት ተጠያቂ ነው። ሻንጣው ሳይደርስ ቢቀር «ጥፋቱ የሾፌሩ ነው»፣ አልጋው ሳይያዝ ቢቀር «ጥፋቱ የሆቴሉ ነው» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ድርጅቱ ቢከስር እንኳ የተጓዡ ገንዘብ የሚመለስበት ዋስትና አስቀድሞ እንዲያስይዝ ይገደዳል። ተጓዡ ብቻውን የሚጋልበው እንግዲህ ከኋላው ይህን ሁሉ አስከትሎ ነው።

ባሕር የነበረው ሐይቅ

ሐይቁ አይስልሜር ይባላል። ስፋቱ 1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጣና ጋር ቢወዳደር ከግማሹም በታች ነው። ጣናን ግን ተፈጥሮ ነው የሠራው፤ ይህን የሠራው ሰው ነው። ድሮ ዛውደርዜ የሚባል ወደ አገሩ ሆድ የገባ የባሕር ሰርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1916 ማዕበል ግድቦቹን ሰብሮ ብዙ አገር ካጥለቀለቀ በኋላ ፓርላማው በ1918 ሰርጡን ለመዝጋት የሚያስችል ሕግ አወጣ። የዕቅዱ አባት መሐንዲስና ሚኒስትር የነበሩት ኮርኔሊስ ሌሊ ነበሩ። 32 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አፍስላውትዳይክ የተባለው ግድብ ግንቦት 28 ቀን 1932 ተገጠመ። ሌሊ ግን በ1929 አርፈው ስለነበር ፍጻሜውን አላዩትም። የጨው ውኃው በወንዝ ውኃ እየተተካ ሄዶ ባሕሩ ሐይቅ ሆነ። ኡርክ የምትባለው የአሣ አጥማጆች ደሴትም በዙሪያዋ ያለው ውኃ ሲደርቅ ከየብስ ጋር ተቀላቀለች።

ልጅቱ የዞረችው ይህንን ነው። ከአምስተርዳም ተነስታ በቮለንዳም፣ በሆርንና በኤንክሀውዘን አልፋ፣ በማዶው ስታቮረንና ሂንደሎፐን የሚባሉ ጥንታዊ የወደብ ከተሞችን አይታ፣ በካምፐን በኩል ተመልሳለች። የምትነዳው ከውኃ መከላከያ ግድቦች አናት ላይ ወይም ሥር ነው፤ በአንድ ወገን ውኃ፣ በሌላው በግ የሚግጥበት መስክ። አገሩ ዳገት የለውም። «ዳገቱ ነፋሱ ነው» ትላለች፤ ፊት ለፊት ከመጣ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

የሚመራቸው ቁጥር ነው። የብስክሌት መንገዶች በሚገናኙበት መስቀለኛ ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። ተጓዡ ጠዋት «27፣ 31፣ 44፣ 12» ብሎ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ከቁጥር ወደ ቁጥር ቀስቱን እየተከተለ መሄድ ነው። ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም። ዘዴው የተጀመረው በጎረቤት ቤልጂየም፣ ሊምበርግ በተባለው የማዕድን አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ያሰበውም ቀድሞ የማዕድን መሐንዲስ የነበረ ሰው ነው። ሆላንዶች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወሰዱት። ሰሌዳና ቀለም እንጂ ሌላ ብዙ ወጪ የለውም።

ሁሉም ነገር እንደ ወረቀቱ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። የአፍስላውትዳይክ ግድብ በመታደስ ላይ ስለነበር ከ2019 ጀምሮ ለዓመታት የብስክሌት መንገዱ ተዘግቶ ብስክሌተኛው በአውቶቡስ ይሻገር ነበር። መንገዱን የዘጋው አካል ብስክሌተኛውን «የራስህ ጉዳይ» አላለውም፤ መሻገሪያ አዘጋጀለት።

ሆላንዶች ብስክሌተኛ ሆነው አልተወለዱም

«እነሱ ሀብታም ናቸው፤ ባህላቸውም ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን እነሱም እንደ ሌላው አገር ከተማቸውን ለመኪና ሰጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰዎች በመኪና አደጋ ሞቱ። ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ፤ መንገድ ላይ ተኙ፤ ፓርላማ ድረስ ሄዱ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም መንገድ ያለ መኪና ምን እንደሚመስል አየ። ዛሬ ቱሪስት የሚዝናናበት መንገድ የተጠረበው ከዚያ ለቅሶ ነው።

ሕጋቸውም ተከትሎ ሄደ። በመንገድ ትራፊክ ሕጋቸው አንቀጽ 185 መሠረት ባለሞተር ተሽከርካሪ ብስክሌተኛን ከጎዳ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት መኖሩን ካላስረዳ በቀር ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ፍርድ ቤቶቻቸው ይህን ሲተረጉሙ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በመርህ ደረጃ ሙሉ ካሳ፣ አዋቂም ቢያንስ ግማሹን እንዲያገኝ አድርገዋል።

የእኛስ ሕግ?

አሁን ወደ ዱከም እንመለስ። ከከተማዋ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አንድ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ከኋላችን መጣ። ጡሩምባውን ነፋ፤ አልቀነሰም። ነፋሱ የእህቴን ልጅ ገፍቶ ከአስፋልቱ ጫፍ ወደ ኮረቱ አወረዳት። አልወደቀችም፤ ግን ወርዳ እጇን ተመለከተች፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ጋሼ፣ እዚህ ሕግ የለም እንዴ?» አለችኝ።

አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ተጎጂው ራሱ ያጠፋው ነገር ካለ፣ በአንቀጽ 2086 መሠረት ኃላፊነቱ በሙሉ ወይም በከፊል ሊቀር ይችላል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጁም (ቁጥር 799/2005) ማንኛውም መኪና ያለ መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያስገድዳል፤ ገጭቶ ላመለጠና ለማይታወቅ መኪና ተጎጂም ከመድን ፈንድ ካሳ የሚያገኝበትን መንገድ አስቀምጧል። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው የሆላንዱና የእኛ እንደሚታሰበው አይራራቁም። የተራራቀው መንገዱ ነው። ሕግ የሚደርሰው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው፤ መንገድ ግን አስቀድሞ ይደርሳል።

ይህ የቱሪስት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩ። ዱከም ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን የሚገኝባት ከተማ ናት። በፈረቃ ለውጥ ሰዓት በአስፋልቱ ጠርዝ በእግርና በብስክሌት የሚተመውን ወጣት ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። ለሽርሽር የምንሄደው ሁለት ሰዓት የፈራነውን መንገድ እሱ ጠዋትና ማታ ይመላለስበታል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ብዙ መኪና ከአሮጌው መንገድ አንስቷል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት ግን ዝግ ነው። ስለዚህ ፔዳል የሚረግጥ ሁሉ ዕጣው አሮጌው መንገድ ላይ ነው። አዲስ አበባ በ2011 «መንገድ ለሰው» ብላ ጎዳናዎቿን ለአንድ ቀን ከመኪና ነፃ ማድረግ ጀመረች፤ ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ሠርታለች። መልካም ጅምር ነው። ሠራተኛው የሚበዛባቸው በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ዱከምም፣ ከዚህ ሊቀሩ አይገባም።

በዱከምና በቢሾፍቱ በኩል የሚያልፈው የአሮጌው ባቡር መስመርም አለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ሌሎች አገሮች ባቡር የተወውን መስመር ለብስክሌትና ለእግረኛ አድርገውታል፤ ባቡር የሄደበት መሬት ዳገቱ ለስላሳ ነውና። የእኛስ ለዚህ መዋል አይችልም ወይ? ቅርስነቱን ጠብቆ ማጥናቱ የሚጎዳ ነገር አይታየኝም።

ሐይቁ የማን ነው?

ደረስን። ቢሾፍቱ ሐይቅን፣ ሆራን፣ ባቦጋያንና ኩሪፍቱን ለማየት አስበን ነበር። ሐይቆቹ ከድሮ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጉድጓዶች ጋር የተያያዙ ስለሆኑ አንዳንዶቹ ጥልቅ ድስት ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ። ችግሩ ከአፋፉ ሆኖ ለማየት የሚያስችል ቦታ ማግኘቱ ነው። በብዙ ቦታ አጥር፣ ዘበኛና የሆቴል በር አለ። ቡና ሳናዝ ውኃ ማየት አልቻልንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሆቴል ይሠራ፤ እንጀራ ነው። ነገር ግን በአጥሩና በውኃው መካከል ሁለት ሜትር የእግርና የብስክሌት መንገድ ለሕዝብ ቢቀር ሆቴሉም እንግዳ ያገኛል እንጂ አይጎዳም። የአይስልሜርን ዙሪያ የሚያስዞረው ምስጢር ይኸው ነው፤ የግድቡ አናት የሕዝብ ነው።

መሄድ ለሚፈልግ

ፈርታችሁ እንድትቀሩ አልጻፍኩም። መሄድ ይቻላል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው የበጋ ወቅት፣ እሑድ ጠዋት ማልዳችሁ ውጡ፤ ጭነት መኪና የሚቀንሰው ያኔ ነው። የኢሬቻ በዓል ሰሞን ለበዓሉ ካልሆነ በቀር ሆራ ዙሪያ ለብስክሌት አይመችም። ፍሬኑን አስፈትሹ፤ ትርፍ ከመነዳሪና መንፊያ ያዙ፤ ጎሚስታ በየከተማው አለ፣ በመካከሉ ግን የለም። ደማቅ ልብስና የራስ ቆብ አድርጉ። ለአዳር ከሆነ ሻንጣችሁን በሚኒባስ ለሚሄድ ዘመድ ስጡ፤ አልጋውን በስልክ ብቻ ሳይሆን ዋጋውና ቀኑ በተጻፈ መልእክት ያዙ። ከጨለማ በፊት ግቡ። አደጋ ከደረሰ ሰሌዳ ቁጥሩን መዝግቡ፤ ለፖሊስ ሳታመለክቱ በሽማግሌ ለመጨረስ አትቸኩሉ፤ የካሳ ጥያቄ የሚቆመው በማስረጃ ነው።

እኛ ስንመለስ ፀሐይዋ በርትታ፣ የዝቋላ ተራራ በስተደቡብ በጭጋግ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ይታይ ነበር። ዱከም ገብተን ቁርጥ አዘዝን። የእህቴ ልጅ የሒሳቡን ወረቀት ገልብጣ አንድ ነገር መጻፍ ጀመረች። አየሁት፤ ዱከም «1»፣ ቢሾፍቱ መግቢያ «2»፣ ሆራ «3»፣ ባቦጋያ «4» ብላ ቁጥር ሰጥታቸዋለች። «ይኸው ጋሼ፣ ወረቀቱ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው መንገዱ ነው» አለችኝ።

ወረቀቱ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ባልዲ ቀለም፣ ከአስፋልቱ ዳር ሁለት ሜትር መሬት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የዱከም ወጣትም በብስክሌቱ በሰላም ሄዶ በሰላም ይመለስ ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።